ለአሜሪካ ኮሌጅ ስታመለክቱ ከትምህርት ውጪ ያሉ እንቅስቃሴዎቻችሁን እንዴት ትሞላላችሁ?

ጥያቄው ሁሌም አንድ ነው። አንዱ «ስንት ክለብ ልግባ?» ይለኛል። ሌላዋ «ትምህርት ቤታችን ክለብ የሚባል ነገር የለውም፣ አለቀልኝ ማለት ነው?» ትለኛለች። ሦስተኛው ደግሞ ማመልከቻው ሊዘጋ 2 ቀን ሲቀረው ዝርዝሩን ይልክልኝና «እስቲ እየው» ይለኛል። አየዋለሁ። 10ሩም ቦታ ሞልቷል፤ ልጁ ምን እንደሠራ ግን ከአንዱም አይገባኝም። ለእያንዳንዱ ለየብቻ ስመልስ ከርሜያለሁና ዛሬ ሁሉንም በቅደም ተከተል ልጻፈው።

መጀመሪያ ነገሩ ለምን እንደሚጠየቅ እንረዳ። ትራንስክሪፕታችሁ ክፍል ውስጥ ምን እንደሠራችሁ ይናገራል። ከክፍል ስትወጡ ግን ሰዓታችሁ የት ይሄዳል? ማንም ሳያዝዛችሁ የምትሠሩት ምንድነው? ሰው ትቶት ሲሄድ እናንተ የቆያችሁበት ነገር አለ? ማመልከቻውን የሚያነበው ሰው ማወቅ የሚፈልገው ይህንን ነው። ብዙ አመልካች በሚመጣበት ኮሌጅ ተመሳሳይ ውጤት ያላቸው ልጆች በሺዎች ይቆጠራሉ፣ እና ግቢው ውስጥ ምን ዓይነት ሰው እንደምትሆኑ የሚገመተው በአብዛኛው ከዚህ ዝርዝር፣ ከድርሰቱና ከምክር ደብዳቤው ነው። ውጤት ግን ይቀድማል። ለክለብ ስትሯሯጡ ሒሳብ ላይ ከወደቃችሁ፣ ክለቡ አያወጣችሁም።

መመሪያው በኮመን አፕ (በአንድ ቅጽ ለብዙ ኮሌጆች የሚያመለክቱበት ድረ ገጽ) በኩል ለሚያመለክቱ ነው፤ ከ1,000 በላይ ኮሌጆች ስለሚቀበሉት አብዛኛው ሰው የሚገባው በዚያ ነው። የምታመለክቱት ለእንግሊዝ ዩኒቨርሲቲ ከሆነ ይህን ዘዴ አትከተሉ። እዚያ ይበልጥ የሚታየው ከምትማሩት ትምህርት ጋር የተያያዘ ንባብና ሥራ ነው። የኳስ ቡድን አምበል መሆናችሁ ለፊዚክስ ትምህርት ብዙም አይጠቅማችሁም።

የሚያስፈልጋችሁ

- ደብተር ወይም ጉግል ሺት። የኮመን አፕ ገጽ ላይ በቀጥታ መጻፍ አትጀምሩ፤ ቦታው ጠባብ ስለሆነ ሐሳባችሁንም ያጠበዋል።
- ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ያለውን ጊዜ የሚያስታውሳችሁ ማንኛውም ነገር፦ ሰርተፊኬት፣ ስልካችሁ ላይ ያለ ፎቶ፣ የቆየ የቴሌግራም መልእክት። ቀንና ሰዓት በጭንቅላት አይያዝም፤ ፎቶ ላይ ግን ቀኑ አለ።
- የኮመን አፕ አካውንት። መክፈቱ ነፃ ነው።
- ካራክተር የሚቆጥር ማንኛውም ገጽ ወይም አፕ። ካራክተር ማለት ፊደሉም፣ ባዶ ቦታውም፣ ነጥቡም ተደምሮ ነው።
- ሁለት ሰው። አንዱ በደንብ የሚያውቃችሁ፣ ሌላው ስለምትሠሩት ነገር ምንም የማያውቅ። ሁለቱም ያስፈልጋሉ፣ ምክንያቱን ወደታች ታገኙታላችሁ።
- ቢያንስ 2 ሳምንት። በአንድ ሌሊት የተጻፈ ዝርዝር ያስታውቃል።

1. ኮሌጁ ለእንቅስቃሴ ምን ያህል ቦታ እንደሚሰጥ እዩ

ይህን እርምጃ ሁሉም ይዘለዋል፣ ግን ብዙ ጭንቀት ይቀንሳል። አብዛኞቹ ኮሌጆች ኮመን ዳታ ሴት (Common Data Set) የሚባል ሰነድ በየዓመቱ ያወጣሉ። የኮሌጁን ስም ከዚህ ቃል ጋር በእንግሊዝኛ ጉግል ላይ ጻፉት፣ ሰነዱ ይመጣል። ሲ 7 (C7) የሚባለውን ሠንጠረዥ ፈልጉ። እዚያ ላይ ኮሌጁ ለውጤት፣ ለድርሰት፣ ለምክር ደብዳቤ፣ ከትምህርት ውጪ ላለ እንቅስቃሴ፣ ለበጎ ፈቃድ ሥራ፣ ለደመወዝ ሥራ ልምድ የሚሰጠውን ቦታ በአራት ደረጃ ምልክት አድርጎ ያሳያል፦ በጣም አስፈላጊ፣ አስፈላጊ፣ ከግምት የሚገባ፣ ከግምት የማይገባ።

ለምን ይጠቅማል? ሁሉም ኮሌጅ አንድ አይደለም። ኮሚዩኒቲ ኮሌጆች (የሁለት ዓመት የአካባቢ ኮሌጆች) በአጠቃላይ በራቸው ክፍት ነው፣ ክለብ አይጠይቋችሁም። አብዛኞቹ የካሊፎርኒያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ካምፓሶችም የሚወስኑት በዋናነት በወሰዳችሁት ኮርስና በውጤታችሁ ነው። ከመቶ አመልካች ጥቂቱን ብቻ የሚወስዱት ላይ ግን ዝርዝሩ በጥንቃቄ ይነበባል። ኃይላችሁን የት ማፍሰስ እንዳለባችሁ ሠንጠረዡ ይነግራችኋል።

2. ሳትመርጡ ሁሉንም ጻፉት

ደብተሩን አውጡና ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ከክፍል ውጪ ያደረጋችሁትን ሁሉ አፍስሱት። «ይህ ይቆጠራል ወይ?» ብላችሁ አትቁሙ። መምረጡ በኋላ ይመጣል።

እዚህ ላይ ነው ብዙ ልጅ ራሱን የሚበድለው። አንድ ጊዜ አንዲት ልጅ «እኔ ምንም የለኝም፣ ባዶውን ልላከው» አለችኝ። እሺ፣ ትናንት ከትምህርት ቤት ከወጣሽ ጀምሮ እስክትተኚ ያደረግሽውን አንድ በአንድ ንገሪኝ አልኳት። ሁለት ታናናሽ ወንድሞቿን ከትምህርት ቤታቸው ትወስዳለች። ቤት ገብታ ምግብ ትሠራለች። የቤት ሥራቸውን ታሠራለች። አያቷ በሰዓቱ መውሰድ ያለባቸው ሦስት ዓይነት መድኃኒት አለ፤ እሱን ታስታውሳለች። ማቀዝቀዣው በር ላይ ራሷ በማስመሪያ ያሰመረችው ወረቀት ለጥፋለች፦ በአንድ ረድፍ የመድኃኒቱ ስም፣ በአንዱ ሰዓቱ፣ በአንዱ ደግሞ የሰጠው ሰው ፊርማ። ይህን ያደረገችው አንድ ቀን መድኃኒቱ ሁለቴ ተሰጥቶ ስለደነገጠች ነው። በሳምንት ስንደምረው ወደ 20 ሰዓት መጣ። ይህ ሁሉ «ምንም» ነበር የተባለው።

ኮመን አፕ ላይ የእንቅስቃሴውን ዓይነት ስትመርጡ «የቤተሰብ ኃላፊነት» የሚል ምርጫ አለ። «የሚከፈልበት ሥራ» የሚልም አለ። እዚያ የተቀመጡት በትክክል ለእናንተ ነው። ስለዚህ የሚከተሉትን ሳትረሱ ጻፉ፦ ታናናሾችን መጠበቅ፣ የታመመ ሰው ማስታመም፣ የቤተሰብ ንግድ ላይ መርዳት፣ ለቤተሰብ ማስተርጎም፣ ስልክ መጠገን፣ በእምነት ቦታ ማገልገል፣ መዘመር፣ ራሳችሁን ኮዲንግ ማስተማር፣ ለጎረቤት ልጆች ማስጠናት፣ ብሎግ ወይም ቻናል መክፈት።

አሁን በደንብ የሚያውቃችሁን ሰው ጥሩ። እናታችሁ፣ እህታችሁ፣ የልብ ጓደኛችሁ፣ ማንም ይሁን። ዝርዝሩን አሳዩትና «ምን ረሳሁ?» በሉት። የሁሌ ሥራችን ለራሳችን አይታየንም።

3. ሰዓቱን አስሉ

ለእያንዳንዱ እንቅስቃሴ ሦስት ነገር ትጠየቃላችሁ፦ በየትኛው ክፍል እያላችሁ ነው፣ በሳምንት ስንት ሰዓት፣ በዓመት ስንት ሳምንት። 12ኛን ጨርሳችሁ የቆያችሁ ከሆነም ከዚያ በኋላ ላለው ጊዜ የሚሆን ምርጫ አለ፤ ያ ዓመት ባዶ ሆኖ እንዳይቀር።

በዓመቱ ውስጥ ሰዓቱ ከፍ ዝቅ የሚል ከሆነ አማካይ ውሰዱ። ለምሳሌ በዕረፍት 8 ሳምንት በሳምንት 20 ሰዓት ሠራችሁ፣ ያ 160 ሰዓት ነው። በትምህርት ጊዜ ደግሞ 36 ሳምንት በሳምንት 4 ሰዓት፣ ያ 144 ነው። ድምሩ 304። ሳምንቱ 8 እና 36፣ 44 ሆነ። 304ን ለ44 ስታካፍሉ ወደ 7 ይጠጋል። ስለዚህ «በሳምንት 7 ሰዓት፣ በዓመት 44 ሳምንት» ብላችሁ ትሞላላችሁ።

ከዚያ ሁሉንም ደምሩ። ይህን ሳታደርጉ እንዳታልፉ። ሳምንት 168 ሰዓት ነው። በቀን 8 ሰዓት ብትተኙ 56 ሄደ። ትምህርት ቤት 35 ሰዓት ቢወስድ 77 ይቀራል። ዝርዝራችሁ በሳምንት 70 ሰዓት የሚል ከሆነ ለምግብ፣ ለመንገድና ለጥናት በቀን 1 ሰዓት ብቻ ቀረላችሁ ማለት ነው። ማን ያምናል? አንባቢው ካልኩሌተር ባያወጣም ነገሩ እንደማይሆን ይገባዋል፣ እና አንዱን ሰዓት ከተጠራጠረ የቀረውንም ይጠራጠራል። በየወቅቱ የሚፈራረቁ ከሆኑ ችግር የለም፤ የሳምንቱ ቁጥር ያንን ያሳይላችኋል።

4. ምረጡና ደርድሩ

ኮመን አፕ ላይ የእንቅስቃሴ ቦታው ጣሪያ 10 ነው። 10 መሙላት ግዴታ አይደለም። 5 ወይም 6 ጠንካራ ነገር ያለው ዝርዝር፣ ለመሙላት ብቻ ከገባ አራት ደካማ ነገር ጋር ሲቀላቀል ይዳከማል። ኤምአይቲ የራሱ ማመልከቻ አለው፣ እዚያ የሚጠይቀው ለእናንተ ትልቅ ትርጉም ያላቸውን እስከ 4 ብቻ ነው። የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ (እነ በርክሊ፣ እነ ዩሲኤልኤ) ደግሞ በተቃራኒው እስከ 20 እንቅስቃሴና ሽልማት ያስገባል፣ ለመግለጫም 350 ካራክተር ይሰጣል። ስለዚህ ደብተራችሁ ላይ ያለውን ረጅሙን ዝርዝር አትጣሉት።

አደራደሩ በጊዜ ቅደም ተከተል አይደለም፤ ለእናንተ ካለው ክብደት ነው። ከላይ ያሉት 3 ወይም 4 በደንብ ይነበባሉ፣ ታች ያሉት ቶሎ ይታለፋሉ። አንባቢው በቀን ብዙ ማመልከቻ ስለሚያይ ለአንዱ ያለው ጊዜ ትንሽ ነው።

የትኛው ይቅደም? እነዚህን ጠይቁ፦ ብዙ ዓመት የቆያችሁበት የቱ ነው? እናንተ ባትኖሩ የማይሆን ነገር የቱ ላይ ነበር? ልማር ከምትሉት ትምህርት ጋር የሚያያዝ አለ? እኔ ብሆን ሦስት ዓመት ያገለገልኩበትን ተራ የሚመስል ሥራ፣ ሁለት ቀን ከተሳተፍኩበት ትልቅ ስም ካለው ጉባኤ አስቀድመዋለሁ። ሁለት ቀን ስለ እናንተ ብዙም አይናገርም።

5. ሚናችሁና የድርጅት ስም

ለሚናችሁ 50 ካራክተር፣ ለድርጅቱ ስም 100 ካራክተር አላችሁ። «አባል» ብቻ ብላችሁ አትለፉት። «መሥራችና አስጠኚ» ወይም «የሒሳብ ያዥ፣ ቀጥሎ ምክትል» ብትሉ እድገታችሁ ይታያል። የክለቡን ስም ራሳችሁ ብቻ በምታውቁት አሕጽሮት አትጻፉ። ከስሙ ምን እንደሚሠራ የማይገባ ከሆነ በሁለት ቃል ጨምሩበት። እዚህ ቦታ ላይ የተጻፈውን መግለጫው ውስጥ መድገም አያስፈልግም፤ ካራክተር ማባከን ነው።

6. መግለጫውን ጻፉ

ዋናው ሥራ ይህ ነው። ያላችሁ 150 ካራክተር ነው። በእንግሊዝኛ ሲሆን ሁለት አጭር መስመር ማለት ነው። ሙሉ ዓረፍተ ነገር አይጠበቅባችሁም። «እኔ» የሚለውን ቃል አውጡት፣ በግስ ጀምሩ፣ በነጠላ ሰረዝ ለያዩት።

አንድ ልጅ የላከልኝ የመጀመሪያ ረቂቅ ይዘቱ እንዲህ ነበር፦

«በሒሳብ ክለብ ውስጥ በንቃት እሳተፍ ነበር። ብዙ ነገር ተምሬበታለሁ። የአመራር ችሎታዬን አዳብሬበታለሁ።»

ይህን ማንም ሊጽፈው ይችላል። የማንም የሆነ ነገር የእናንተ አይሆንም። ስለዚህ ጥያቄ መጠየቅ ጀመርኩ። ማክሰኞ ማክሰኞ ምን ትሠራለህ? «ጥያቄ አዘጋጃለሁ።» ለማን? «ለ9ኛ ክፍሎች።» ስንት ናቸው? «መጀመሪያ 4 ነበሩ፣ አሁን 17 ናቸው።» ለምን ጨመሩ? እዚህ ላይ ትንሽ አሰበና «ጥያቄዎቹን ከቀላል ወደ ከባድ ደርድሬ ማተም ከጀመርኩ በኋላ ልጆቹ መሸሽ ተዉ» አለኝ። በቃ፣ ተገኘ። እንደገና የጻፈው ይህን ይመስላል፦

«በየሳምንቱ ከቀላል ወደ ከባድ የተደረደረ የጥያቄ ወረቀት ለ9ኛ ክፍሎች አዘጋጃለሁ፤ ተሳታፊ ከ4 ወደ 17 አደገ፤ ወረቀቶቹን ለተተኪዎች አስረክቤያለሁ።»

ክለቡም ልጁም ያው ናቸው። አሁን ግን አንባቢው አንድ ልጅ ወረቀት ሲደረድር ያየዋል። ለእናንተም እንዲህ አድርጉት፦

ሀ. በእጃችሁ የምትሠሩትን ነገር ጻፉ። ግሱ የሚታይ ይሁን፦ አዘጋጀሁ፣ ጠገንኩ፣ አስጠናሁ፣ ሰበሰብኩ፣ ተረጎምኩ፣ ገነባሁ። «ተሳተፍኩ»፣ «ረዳሁ»፣ «ተባበርኩ» የሚሉት ምስል አይሰጡም።

ለ. ቁጥር ካለ አስገቡ። ስንት ሰው፣ ስንት ገጽ፣ ስንት ዕቃ፣ ምን ያህል ገንዘብ። ቁጥሩ ትንሽ ቢሆን አትፈሩ። እውነተኛ 6 ከተጋነነ 600 ይሻላል፣ ምክንያቱም 6ቱን ስማቸውን ጠርታችሁ ልታስረዱ ትችላላችሁ።

ሐ. ቦታ ከተረፈ በእናንተ ምክንያት የተለወጠውን ጨምሩ። ካልተለወጠም ግድ የለም፤ ሥራውን በግልጽ መናገሩ ይበቃል።

መ. «የአመራር ችሎታ»፣ «የቡድን መንፈስ»፣ «ጽናት» የሚሉ ቃላትን አውጡ። እነዚህን ቃላት አንባቢው ሥራችሁን አይቶ ራሱ ይበል።

የወንድሞቿ ጠባቂ የሆነችው ልጅ መጨረሻ ላይ የጻፈችው ይህ ነው፦ «2 ወንድሞቼን ከትምህርት ቤት አመጣለሁ፣ አበስላለሁ፣ አስጠናለሁ፤ ለአያቴ የመድኃኒት ሰዓት መቆጣጠሪያ ሠንጠረዥ ሠርቻለሁ፣ ቤተሰቡ ሁሉ ይጠቀምበታል።» ዝርዝሯ ላይ 1ኛ አደረገችው። ትክክል ናት።

በእንግሊዝኛ ስትጽፉ በአማርኛ አስባችሁ ቃል በቃል አትገልብጡ፤ ይረዝምባችኋል። መጀመሪያ ሐሳቡን በ250 ካራክተር ጻፉት፣ ከዚያ ቃል በቃል ቀንሱ። ጽሑፉ ከልኩ ካለፈ ኮመን አፕ አያስገባላችሁም፣ ስለዚህ ከመለጠፋችሁ በፊት ቁጠሩ።

7. ሽልማትን ለብቻው አስቀምጡ

ለሽልማትና ለክብር የተለየ ቦታ አለ፣ እስከ 5 ያስገባል፣ እያንዳንዱ 100 ካራክተር። በዋናነት ከትምህርት ጋር ለተያያዙት ነው። እዚያ ያስገባችሁትን እንቅስቃሴው ውስጥ አትድገሙ። ሽልማቱ ከስንት ሰው መካከል እንደሆነ የምታውቁ ከሆነ ጻፉት፤ «1ኛ» ብቻ ከተባለ ከ5 ሰው ይሁን ከ500 ሰው ማን ያውቃል?

8. ያልገባ ነገር ካለ ተጨማሪ መረጃ ላይ ጻፉ

ከ2025–26 ማመልከቻ ጀምሮ ይህ ቦታ 300 ቃል ነው፤ በፊት 650 ነበር። የቆየ ምክር ካነበባችሁ እንዳትሳሳቱ። እዚህ የሚገባው በ150 ካራክተር የማይገለጽ ነገር ነው፦ አንድ የምርምር ሥራ፣ ወይም በ11ኛ ክፍል እንቅስቃሴያችሁ ድንገት የቆመበት ምክንያት። የሚጻፍ ነገር ከሌለ ባዶውን ተዉት። ባዶ መተው ምንም አይጎዳችሁም።

ሠዓሊ፣ ሙዚቀኛ ወይም ፊልም ሠሪ ከሆናችሁ ብዙ ኮሌጆች ሥራችሁን በተለየ ገጽ ይቀበላሉ። የእያንዳንዱን ኮሌጅ መመሪያ እዩ፣ የሚዘጋበት ቀን ሊለይ ይችላል። በስፖርት ተመልምላችሁ የምትገቡ ከሆነ ደግሞ መንገዱ ሌላ ነው፤ ከአሠልጣኙ ጋር ቀድሞ መነጋገር ይጠይቃል።

9. ከድርሰቱና ከምክር ደብዳቤው ጋር አስተያዩት

ሁሉንም ጎን ለጎን አስቀምጡ። ድርሰታችሁ ስለ ስልክ ጥገና ከሆነ ዝርዝሩ ላይ ጥገናው አለ? የምክር ደብዳቤ የሚጽፍላችሁ መምህር ክለቡን እንደምትመሩ ያውቃል? አያውቅም ይሆናል። ስለዚህ ዝርዝራችሁን በአንድ ገጽ አዘጋጅታችሁ ቢያንስ ከ3 ሳምንት በፊት ስጡት። መምህራን ለብዙ ልጅ ስለሚጽፉ ዝርዝር ነገር ካልሰጣችኋቸው «ጎበዝ፣ ታታሪ፣ ሥነ ሥርዓት ያለው» ብለው ይጨርሳሉ። ደግሞም ሁለቱ ሲጋጩ፣ ለምሳሌ እናንተ ፕሬዚዳንት ነኝ ብላችሁ መምህሩ «አባል ነው» ካለ፣ ነገሩ ይበላሻል።

10. አስነብቡ፣ ከዚያ ላኩ

አሁን ሁለተኛውን ሰው ጥሩ፣ ስለ ሥራችሁ ምንም የማያውቀውን። አንብቦ ሲጨርስ ወረቀቱን ውሰዱበትና «እኔ ምን የምሠራ ሰው ነኝ?» በሉት። ሁለት ወይም ሦስት ነገር በትክክል ከነገራችሁ ዝርዝሩ ሠርቷል። «ብዙ ነገር ትሠራለህ» ብቻ ካለ ወደ እርምጃ 6 ተመለሱ።

ከመላካችሁ በፊት ፕሪቪውን በፒዲኤፍ አይታችሁ አስቀምጡት። የተቆረጠ ቃል፣ የተምታታ ክፍል፣ ባዶ የቀረ ሰዓት የሚታየው እዚያ ነው። ኮመን አፕ ለአዲሱ ዓመት የሚከፈተው ኦገስት 1 ነው። የብዙ ኮሌጆች ቅድሚያ ማመልከቻ ኖቬምበር 1፣ መደበኛው ደግሞ ጃንዋሪ መጀመሪያ አካባቢ ይዘጋል። በመጨረሻው ሌሊት አትላኩ፤ ገጹ ይጨናነቃል፣ ኢንተርኔትም ሊጠፋ ይችላል።

ገና 9ኛ ወይም 10ኛ ክፍል ለሆናችሁ

ስንት ክለብ የሚለው መልስ እዚህ ነው። አንድ ወይም ሁለት የምትወዱትን ያዙና ቆዩበት። ክለብ ከሌለ ራሳችሁ ጀምሩ፤ ሁለት ጓደኛ ሰብስቦ አርብ አርብ ማንበብም መጀመር ነው። የሥራ ወይም የቤት ኃላፊነት ጊዜያችሁን ከወሰደው ያ ራሱ እንቅስቃሴያችሁ ነው፣ ሌላ ለመጨመር ራሳችሁን አትግደሉ። በየወሩ መጨረሻ 5 ደቂቃ ወስዳችሁ ምን እንደሠራችሁና ስንት ሰዓት እንደፈጀ ደብተር ላይ አስፍሩ። ከ3 ዓመት በኋላ እርምጃ 2 እና 3 ተሠርተው ይጠብቋችኋል።

ጥንቃቄ

አትዋሹ። ያልመራችሁትን መራሁ፣ ያልሠራችሁትን ሠራሁ አትበሉ። ማመልከቻውን ስትልኩ መረጃው እውነት እንደሆነ ትፈርማላችሁ፣ ውሸት ከተገኘ ኮሌጁ ቅበላውን ሊሰርዝ ይችላል፣ ከገባችሁ በኋላም ቢሆን። በማርች 2019 አሜሪካ ውስጥ በይፋ የወጣው የቅበላ ማጭበርበር ክስ ላይ፣ ስፖርተኛ ያልሆኑ ልጆች እንደ ስፖርተኛ ተደርገው የቀረቡበት ጉዳይ ወላጆችን እስር ቤት አስገብቷል።

«ይህን ፕሮግራም ከወሰድክ ትገባለህ» ለሚል ሰው ገንዘብ አትክፈሉ። ትልቅ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ የሚሰጡ ብዙ የክረምት ፕሮግራሞች የከፈለን ሁሉ የሚቀበሉ ናቸው፣ እዚያ መማር ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ለመግባት ዋስትና አይሆንም። ትምህርቱን ከወደዳችሁትና ቤተሰባችሁን የማይጎዳ ከሆነ ሂዱ። ቤተሰብ ተበድሮ ግን በፍጹም አይሁን።

ዝርዝራችሁን ሌላ ሰው ወይም ኤአይ ሙሉ በሙሉ እንዲጽፍላችሁ አታድርጉ። ቃላቱ ያማሩ፣ ሰውየው የጠፋ ጽሑፍ ይወጣል። ኢንተርቪው ካለ ደግሞ ስለ ሥራችሁ በቃል ስትጠየቁ ልዩነቱ ይታያል።

የሰው ገመና ጠብቁ። የታመመ ዘመድ የምታስታምሙ ከሆነ የበሽታውን ዝርዝር መጻፍ አያስፈልግም። እናንተ የምትሠሩትን መናገር ይበቃል።

በተደጋጋሚ የማያቸው ስህተቶች

በ12ኛ ክፍል መጀመሪያ ላይ 5 ክለብ በአንድ ጊዜ መግባት። ክፍል የሚመረጥበት ቦታ ላይ ሁሉም «12» ብቻ ሲል ነገሩ ለማመልከቻ ተብሎ እንደተደረገ ግልጽ ነው።

ደመወዝ የሚከፈልበትን ሥራ መደበቅ። ልጆች ያፍሩበታል። አንድ ልጅ ከትምህርት በኋላ ለ3 ዓመት ስልክ ሲጠግን ቆይቶ ዝርዝሩ ላይ አላስገባውም ነበር፤ ያወቅኩት በወሬ መሃል የተሰበረ ስክሪን እንዴት እንደሚነቀል ሲያስረዳኝ ነው። ሥራው ከዝርዝሩ ሁሉ ጠንካራው ነበር።

አንድን ነገር ቆራርጦ ሦስት ቦታ ማስገባት። የበጎ ፈቃድ ቡድኑ አንድ ከሆነ አንድ ቦታ ይያዝ። በእርግጥ የተለያየ ሥራ ከሆነ ብቻ ለዩት።

የኮሌጁን ፍላጎት ገምቶ ራስን መለወጥ። «ሐኪም ቤት በጎ ፈቃደኛ ካልሆንኩ ሜዲስን አይቀበሉኝም» ብሎ የሚወደውን ቴአትር የተወ ልጅ አውቃለሁ። ሐኪም ቤት ሄዶ ወንበር ላይ ሲቀመጥ ነው የከረመው፤ መግለጫውን ሲጽፍ የሚለው ነገር አጣ።

ከላኩ በኋላ አዲስ ነገር ሲመጣ ዝም ማለት። የላካችሁት ማመልከቻ ላይ ማስተካከል አትችሉም፣ ግን ትልቅ ለውጥ ከመጣ፣ ለምሳሌ ሽልማት ካገኛችሁ ወይም አዲስ ሥራ ከጀመራችሁ፣ ብዙ ኮሌጆች በአመልካች ፖርታላቸው ወይም በኢሜይል አጭር መረጃ ይቀበላሉ። ኮሌጁ አትላኩ ካለ አትላኩ። ከተቀበለ ግን 4 ወይም 5 መስመር ይበቃል፦ ምን ሆነ፣ መቼ፣ የእናንተ ድርሻ ምን ነበር። ስማችሁንና የአመልካች ቁጥራችሁን ከላይ መጻፍ አትርሱ፣ ያለዚያ ፋይላችሁን አያገኙትም።